ከጊራና እስከ ሰርቨሩ

ጠዋት መርሳ መናኸሪያ ወደ ጊራና የሚሄድ መኪና የሚጠብቅ ወጣት ዳታ ሰብሳቢ ቦርሳው ቢከፈት ብዙ ዕቃ አይገኝበትም። ስምንት ኢንች ታብሌት፣ የተሞላ ፓወር ባንክ፣ ሁለት የቻርጅ ገመድ (አንዱ መቼ እንደሚከዳ ስለማይታወቅ)፣ ዝናብ ከመጣ ታብሌቱ የሚጠቀለልበት ፌስታል፣ ለቀበሌ የሚታይ የድጋፍ ደብዳቤ፣ እስክርቢቶና ጥቂት ባዶ ወረቀት። ቋሚ ደመወዝ የለውም። ጥናት ሲመጣ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ይቀጠራል፣ ሲያልቅ ሌላ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ስለ ማሽላ ምርት፣ ሌላ ጊዜ ስለ እናቶች ጤና ይጠይቃል። መሥሪያ ቤቱ ይኸው ቦርሳ ነው።

ፍሪላንስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ለውጭ ደንበኛ ሎጎ የሚሠራውን ነው። በወልድያና መርሳና ጊራና በሚገኙበት በሀብሩ ወረዳ ግን እንዲህ ያለው ተንቀሳቃሽ ሥራ ሌላም መልክ አለው። በ2004 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሉት፤ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኘው እዚያው ሀብሩ ውስጥ ነው፤ ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህም የእርዳታ ሥራው ያለ መረጃ አይንቀሳቀስም። ይህ ሁሉ ቤት ለቤት ዞሮ የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋል። ከዚህ ጎን ሰርግ የሚቀርጸው፣ ባነር የሚነድፈው፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያርመው አለ። ሁሉንም የሚያገናኛቸው አንድ ጭንቀት ነው፦ ዕቃው ቢሰበር ወይም ቢሰረቅ ሥራው የት ይገኛል?

የዳታ ሰብሳቢው ታብሌት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ይዟል። በብዛት የሚሠራበት ፕሮግራም ኦዲኬ ወይም ከእሱ የተወለደው ኮቦ ነው። ኦዲኬ እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ፤ ኮቦን ያሳደገው የሐርቫርድ የሰብዓዊ ጉዳዮች ተቋም ነው። ሁለቱም የተሠሩት ኔትወርክ እንደማይኖር ታስቦ ነው። መጠይቁ ከተማ ላይ አንድ ጊዜ ይወርዳል። ከዚያ ጊራና ተገብቶ ሞላ ያለ ሲግናል ባይኖርም ጥያቄው ይጠየቃል፣ መልሱ ይሞላል፣ የቤቱ አቀማመጥ በጂፒኤስ ይያዛል። ፕሮግራሙ ዕድሜ 250 ብሎ የጻፈውን አላሳልፍም ይለዋል፤ ልጅ የለኝም ላለች ሴት ስለ ልጅ ክትባት የሚጠይቀውን ገጽ ራሱ ይዘለዋል። ያለቀው ቅጽ ታብሌቱ ውስጥ "ለመላክ ዝግጁ" በሚለው መደብ ይቆለላል፤ ከጎኑ ቁጥር ይታያል፦ 7፣ 8፣ 9።

አገራችን ይህን አሠራር በትልቁ ታውቀዋለች። ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. በወረቀት ነበር የተካሄደው። ለአራተኛው ግን 180 ሺህ ገደማ ታብሌት ተገዝቶ ነበር፤ ቆጠራው በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተራዘመ እንጂ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም በየቤተሰቡ የሚይዙት ወረቀት ወደ ታብሌት እየተዛወረ ነው፤ ያም ቢሆን ገጠር ላይ ይሞላል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል።

እንግዲህ አደጋው ያለው "ሴቭ" አድርጌያለሁ በማለትና "ልኬያለሁ" በማለት መካከል ነው። ሴቭ የተደረገው ያለው አንድ ቦታ፣ እጅ ላይ ብቻ ነው። ዘጠኝ ቤት የዞረ ሰው ወንዝ ሲሻገር ታብሌቱ ቢወድቅበት የሚጠፋው ዕቃው ብቻ አይደለም፤ የዘጠኝ ሰው ቃልና የአንድ ቀን እግር አብሮ ይሄዳል። በከተማ ይህ ክፍተት የደቂቃ ነው። በሰሜን ወሎ ግን የወራት ሆኖ ያውቃል። ከ2013 ዓ.ም. ነሐሴ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወልድያና አካባቢዋ በጦርነቱ ውስጥ ሳሉ መብራትም ስልክም ጠፍቶ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘርፏል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። "ደመና ላይ አለልኝ" ብሎ እጁን ባዶ ያደረገ ሰው ያኔ የገዛ ሥራውን መክፈት አልቻለም።

ደመና የሚሉት ክላውድ ሰማይ ላይ የለም። ሩቅ አገር ያለ አዳራሽ ሙሉ ኮምፒውተር ነው፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ሲዘጋ ንብረቱ ቢኖርም አይደረስበትም። ስለዚህ ባለሙያዎች አንዱን ቅጂ በሌላው ይደግፋሉ። ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ ያስፋፋው ደንብ 3-2-1 ይባላል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከአካባቢው ውጭ።

ይህ ደንብ ለወሎ አዲስ አይደለም። ከመርሳ በደሴ መንገድ ሲወረድ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ይህን መጽሐፍ በቁጥር 1832 መዝግቦ ፊልም አነሳው። ብራናው በገዳሙ ቀረ፤ የፊልሙ ቅጂ አዲስ አበባም በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪልም ተቀመጠ። ሦስት ቅጂ፣ ብራናና ፊልም፣ አንዱ ባሕር ማዶ። ደንቡ ስም ከማግኘቱ ከሠላሳ ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

ለዳታ ሰብሳቢው ሦስቱ ቅጂዎች እንዲህ ናቸው። አንደኛው ታብሌቱ ላይ ያለው ነው። ሁለተኛው ማታ በገመድ ወደ ሱፐርቫይዘሩ ላፕቶፕ ወይም ፍላሽ የሚገለበጠው፤ ይህ ኔትወርክ አይፈልግም። ሦስተኛው በኔትወርክ ተልኮ የጥናቱ ሰርቨር ላይ የሚደርሰው። ጽሑፍ ብቻ የያዘ ቅጽ በጣም ቀላል ስለሆነ በደካማ ሲግናልም ያልፋል፤ የሚያዘገየው ፎቶው ነው።

ባነር የሚነድፈውና ጽሑፍ የሚያርመው ጉግል ድራይቭ ይበቃቸዋል፤ በነጻ 15 ጊጋባይት ይሰጣል። እዚህ ላይ ግን ብዙዎችን ያስለቀሰ ስህተት አለ፦ ሲንክና ባክአፕ አንድ አይደሉም። ሲንክ የተደረገ ፎልደር መስተዋት ነው፤ ታብሌቱ ላይ የጠፋው ደመናውም ላይ ይጠፋል። ድራይቭ የተሰረዘውን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ 30 ቀን ያቆየዋል። ኢንተርኔት ለወራት በሚጠፋበት አገር 30 ቀን ሳያዩት ያልፋል። ባክአፕ የሚባለው እጅ ሳይነካው ተለይቶ የተቀመጠው ነው፤ ገበሬ ለዘር የለየውን ከሚበላው ጋር እንደማይቀላቅለው።

ሰርግ ለሚቀርጸው ደግሞ ሂሳቡ ሌላ ነው። የአንድ ሰርግ ቪዲዮ 60 ጊጋባይት ቢሆንና ኢንተርኔቱ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ቢልክ፣ ሳይቆራረጥ 26 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል፤ የጥቅሉን ዋጋ ሳንቆጥር። ስለዚህ ለእሱ "ደመናው" ሌላ ሀርድ ዲስክ ነው፤ እሱ ወልድያ ከሆነ ዲስኩ መርሳ እህቱ ቤት ይቀመጣል። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ለአንድ ቤት ቃጠሎና ለአንድ ሌባ በቂ ነው።

ቁልፉም ይታሰብበት። የጉግል አካውንት በስልክ በሚመጣ ቁጥር የሚከፈት ከሆነ፣ ስልኩና ታብሌቱ አብረው የጠፉበት ሰው ደጁ ላይ ይቀራል። ጉግል ለዚህ ባለ ስምንት አኃዝ አሥር መጠባበቂያ ቁጥሮች ይሰጣል፤ ወረቀት ላይ ጽፎ ቤት ማስቀመጥ ነው። ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንት ሊሰረዝ እንደሚችልም አይዘንጋ። ከዚህ በላይ ደግሞ የሰው አደራ አለ። ማን የት እንደሚኖር፣ ምን እንዳጣ፣ ማን እንደታመመ ያለው ታብሌት ያለ ይለፍ ቃል አይዞርም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ ከይሉኝታ አልፎ ሕግ ሆኗል።

መብራትስ? 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚል ጽሑፍ ያለበት ፓወር ባንክ ያን ሁሉ አይሰጥም፤ ኃይሉ ሲቀየር ስለሚባክን ሁለት ሦስተኛው ገደማ ነው የሚደርሰው። 5,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ባትሪ ያለውን ታብሌት ሁለት ጊዜ ሞልቶ ትንሽ ይተርፈዋል። የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጎ፣ ሲግናል በሌለበት የሞባይል ዳታውን ያጠፋ ሰው በዚህ ሁለት ቀን ገጠር ይውላል።

ማታ ከጊራና መርሳ ሲመለስ ወጣቱ መጀመሪያ ኔት አለ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ጫማውን ሳያወልቅ ገመዱን ያወጣና ወደ ላፕቶፑ ይገለብጣል፤ ከተገለበጠው አንዱን ከፍቶ ያያል፣ የማይከፈት ቅጂ ቅጂ አይደለምና። ከዚያ በኋላ ነው ዳታውን አብርቶ "ላክ" የሚለው። ከጎን ያለው ቁጥር ይወርዳል፦ 9፣ 8፣ 7። አራት ላይ ቢቆም ታብሌቱን ቻርጅ ላይ ሰክቶ እራቱን ይበላል።