ባሕር የሚገቡት ፈረሶች

በቤልጅየም ምዕራባዊ ጫፍ፣ ከፈረንሳይ ድንበር ብዙም ሳይርቅ፣ ኮክሳይደ የምትባል የፍላንደርስ የባሕር ዳር ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1977 በአስተዳደር ከእርሷ ጋር የተቀላቀለችው የኦስትዳውንከርከ መንደር ስሟ የሚነሳው በፈረሶቿ ነው። ሽሪምፕ የተባለውን ትንሽ የባሕር እንስሳ በፈረስ የሚያጠምዱ ሰዎች ዛሬ የሚገኙት እዚያ ብቻ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ባሕሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ ነው። ብራባንት የተባለው ግዙፍ የጭነት ፈረስ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ይገባና የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ ይጓዛል። ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰው አጥማጅ ከላይ ተቀምጧል፤ በፈረሱ ግራና ቀኝ ቅርጫቶች ተንጠልጥለዋል። ከኋላ አፉ ሰፊ፣ ጫፉ ጠባብ የሆነ መረብ ይጎተታል፤ አፉ እንዳይከደን በሁለት ወገን የታሰሩ ሳንቃዎች ይወጥሩታል። ትልቁ ብልሃት ያለው ግን ከመረቡ ጋር በሚጎተተው ሰንሰለት ላይ ነው። ሰንሰለቱ በባሕሩ ወለል ላይ ሲጎተት አሸዋው ይንቀጠቀጣል፤ አሸዋ ውስጥ የተደበቀው ግራጫ ሽሪምፕ ደንግጦ ሲዘል መረቡ ውስጥ ይገባል። አጥማጁ በየመሃሉ ወደ ዳር ወጥቶ መረቡን ያራግፋል፣ በወንፊት ያበጥራል። ሽሪምፑ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፣ በኋላም ይቀቀላል።

በፈረስ ማጥመድ ድሮ በሰሜን ባሕር ዳርቻ በሌሎች አገሮችም ነበር፤ እዚያ ቀርቷል። በኦስትዳውንከርከ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግበው አሥራ ሁለት ቤተሰቦች ይሠሩበት ነበር። የእኛ የመስቀል በዓልም የተመዘገበው በአዘርባጃኗ ባኩ በተደረገው በዚያው የዩኔስኮ ጉባኤ ነው።

ይህን ሙያ የቱሪስት ትርዒት ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ይሆናል። እኔ ግን አልስማማም። ጎብኚ መጣም ቀረም መረቡ መጠገን አለበት፤ ባሕሩ የሚሸሽበት ሰዓትና የአሸዋው ሁኔታ መታወቅ አለበት፤ ከሁሉም በላይ ፈረሱ በማዕበል መሃል ሲቆም በጌታው መተማመን አለበት። ይህ በመጽሐፍ አይገኝም። አንዱ ቤተሰብ መረብ መሥራት ያውቅበታል፣ ሌላው ፈረስ፤ አዲስ ሰው የሚማረውም አብሯቸው ውሃ ውስጥ ገብቶ ነው። ለብዙ ዘመን የወንዶች ብቻ የነበረው ሥራ ዛሬ ሴቶችም ገብተውበታል።

በመንደሯ በየዓመቱ የሽሪምፕ በዓል ይከበራል። ነዋሪው ለሰልፉ የሚሆኑ ተሽከርካሪዎችንና አልባሳትን ለማዘጋጀት ወራት ይፈጅበታል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትም በሽሪምፕ ማጥመድ ውድድር ይሳተፋሉ።