እነሱ ወደ ቢሮ ሲመለሱ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ የሚሠራ ዘመድ ወይም ወዳጅ የሌለው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። ወይ ወንድም፣ ወይ የአክስት ልጅ፣ ወይ የቀድሞ ጎረቤት እዚህ ከተማ ምድር ቤት ውስጥ ቆሞ የሰው መኪና ይቀበላል። እኔም አንዱ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። ከዚያ በፊት አገር ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም። በዚህ ሥራ ላይ ስንት መሐንዲስና ስንት የሒሳብ ባለሙያ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ለእኔ ለብቻዬ አያዝንም።

በቀደም አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ደውላ፣ «የአሜሪካ ሠራተኞች ከቤት መሥራት ቀርቶ ወደ ቢሮ ተመለሱ ሲባል በዜና ሰማን። እንግዲህ ሥራችሁ ሞቀላችኋ!» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሞቋል። ለማን እንደሞቀ ማስረዳት ስጀምር ግን ወሬው ረዝሞ ስልኩ ተቋረጠ። የቀረውን እነሆ ጻፍኩት።

እሠራበት የነበረው ሕንፃ ኬ ስትሪት ከሚባለው ጎዳና ጥቂት ገባ ብሎ ይገኛል። ኬ ስትሪት የጠበቆችና የመንግሥት ባለሥልጣናትን ለማግባባት የሚከፈላቸው ሰዎች ሰፈር ነው። በዚህ ከተማ እንደ ኒውዮርክ ሰማይ የሚነካ ፎቅ አይታይም። የሕንፃን ከፍታ የሚገድብ፣ ከ1910 ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ አለ። ወደ ላይ መውጣት ያልቻለ ወደ ታች ቆፍሯል። የኛ ምድር ቤት ሦስት ወለል ነበረው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ መኪናው ይጎርፍና አራት ሰዓት ሳይሆን ሦስቱም ወለል ይሞላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን መተላለፊያው ላይ አንዱን ከሌላው ኋላ እናቆማለን። ቁልፉ እኛ ጋ ይቀራል። ልጁን ለመውሰድ በጊዜ የሚወጣው ማን እንደሆነ፣ የሚያመሸው ማን እንደሆነ፣ የማን መኪና ፊት መቆም እንዳለበት በቃሌ አውቅ ነበር። ሰዎቹ ፎቅ ላይ ምን እንደሚሠሩ ግን ከብዙዎቹ የአንዱንም አላውቅም።

እነሱን ብለን የምንኖረው እኛ ብቻ አልነበርንም። ፊት ለፊታችን ሳንድዊች የሚሸጥ ኮሪያዊ አለ። ፋራጉት አደባባይ ዳር የምግብ መኪናዎች ይሰለፋሉ። ጫማ የሚያሳምር፣ ሸሚዝ የሚተኩስ፣ ማታ ማታ ቢሮውን የሚያጸዱ የኤልሳልቫዶር ሴቶች ነበሩ። አንድ ሰው ፎቅ ላይ ወንበሩን ስቦ ሲቀመጥ ከታች የሚንቀሳቀሰው ሰው ብዙ ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮናን ወረርሽኝ ነው ብሎ ሲፈርጅ፣ የከተማችን ከንቲባ ሙሪየል ባውዘርም በዚያው ዕለት አስቸኳይ ጊዜ አወጁ። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስተኛው ወለል ላይ አንድም መኪና አልነበረም። የመብራቱ እዝታ እንኳ ይሰማ ነበር። ተቆጣጣሪያችን ሰብስቦ «ለሁለት ሳምንት ያህል ነው» አለን። ለሁለት ሳምንት!

በመካከሉ አንድ ቀን ተጠርቼ ለጥቂት ሰዓት ገባሁ። የወር ደንበኛዬ የሆነች አንዲት ጠበቃ አበቦቿን ልትወስድ መጣች። ካርቶን ታቅፋ ከአሳንሰሩ ስትወጣ ግማሾቹ ደርቀዋል። እኔ ወዲህ፣ እሷ ወዲያ ርቀን ቆመን በጭንብላችን ውስጥ እየተጯጯህን «እስከ መቼ ይመስልሃል?» አለችኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከደህና አደርክና ከደህና ዋልክ በስተቀር ጠይቃኝ አታውቅም። እስከ ትንሣኤ ድረስ ያልፋል አልኳት። የትኛው ዓመት ትንሣኤ እንደሆነ አልነገርኳት።

ያን ጊዜ ያስጨነቀን ነገር ዕቁባችን ነበር። ከተለያዩ ምድር ቤቶች ተሰባስበን አሥራ ሁለት ነበርን። ስምንቱ ወስደዋል፤ ለአራታችን ገና አልወጣልንም። ሁሉም ሥራ ፈታ። የወሰደው ከየት አምጥቶ ይክፈል? ደግነቱ ኮንግረስ በማርች መጨረሻ ያጸደቀው ሕግ ከመደበኛው የሥራ አጥ ክፍያ ላይ በየሳምንቱ 600 ዶላር እንዲጨመር አደረገ፤ እስከ ጁላይ መጨረሻም ዘለቀ። ለአንዳንዶቻችን ከደመወዛችን የሚበልጥ ነበር። ከዚያው እየቆነጠሩ ሁሉም ጣሉ። አንዱ ብቻ ዘገየ፤ እሱም እናቱ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝተውበት ነው። ከዚያ ወዲህ ዕቁቡ አልተመለሰም።

ቤታችን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ባለቤቴ ከመንግሥት ጋር ኮንትራት ባለው አንድ ድርጅት ሒሳብ ትሠራለች። እሷ ሥራ አልፈታችም። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ቢሮ ሆነ። ሴቷ ልጃችን አምስት ዓመቷ ነበር፤ ወንዱ ገና መሄድ መጀመሩ ነው። በዚያ መኸር የልጅቱ ትምህርት በኮምፒውተር ተጀመረ። እናትና ልጅ ጠረጴዛውን ለሁለት ተካፍለው፣ አንዷ የወሩን ሒሳብ ስትዘጋ ሌላዋ ፊደል ትቆጥራለች። እኔ ወንዱን አዝዬ «እሽሽ፣ እማማ ስብሰባ ላይ ናት» እያልኩ እዞራለሁ። ምስር ወጥ የተማርኩት ያኔ ነው። ኪሳችን ባዶ፣ ልባችን በፍርሃት የተሞላ ዓመት ነበር፤ በየቀኑ አገር ቤትም እዚህም የሰው ሞት እንሰማለን። ሆኖም አራታችን በሥራ ቀን አብረን ምሳ የበላነው በዕድሜያችን በዚያ ዓመት ብቻ ነው።

ስለመመለሱ ከ2021 ጀምሮ ተወራ። በመጀመሪያ ሴፕቴምበር ላይ፣ ከሠራተኞች ቀን በኋላ ይመለሳሉ ተባለ። ዴልታ የሚሉት ዝርያ መጣና ተራዘመ። ጃንዋሪ ተባለ። ኦሚክሮን መጣ። ሲመለሱም እንደ ድሮው አልተመለሱም፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ይመጣሉ፣ ሰኞና ዓርብ የሉም። ዓርብ ቀን ኬ ስትሪትን ያየ ሰው የሁዳዴ ስግደት ላይ ያለ አገር ይመስለዋል።

ለእኛ የሦስት ቀን ደንበኛ ማለት የሦስት ቀን ደመወዝ ማለት ነው። በሳምንት ሃያ አራት ሰዓት ተሰጠኝ። እዚህ አገር ትልልቅ ድርጅቶች የጤና ኢንሹራንስ እንዲያቀርቡ ሕግ የሚያስገድዳቸው በሳምንት ሠላሳ ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚሠራ ሠራተኛ ነው። የሃያ አራት ሰዓት ሰው ቢታመም ራሱ ያውቃል። ልጆቼም እኔም በባለቤቴ ኢንሹራንስ ሥር ገባን። ይህን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሌላም ነገር ነበር። በር በተዘጋበት ጊዜ መግቢያው ላይ ማሽን ተተክሏል። ደንበኛው በስልኩ ይከፍላል፣ ዘንጉ ይነሳለታል። እኔ የነበርኩባት ትንሽ የመስታወት ክፍል የመጥረጊያ ማስቀመጫ ሆናለች። ከስድስት ሠራተኞች የተመለስነው ሁለት ነን። ያቺ ክፍል ብዙ ነገራችን ነበረች። በፔርሙዝ ቡና የምንጠጣባት፣ የአገር ቤት ወሬ የምንከራከርባት ነበረች። ደንበኛ በማይበዛበት ሰዓት ደብተሩን ዘርግቶ አጥንቶ ነርስ የሆነ ጓደኛም አለኝ። ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ማጥናት አይቻልም፤ ቆመህ የምታስተዛዝነው ካርዱ አልሠራ ያለውን ሰው ነው።

ስለዚህ እውነቱን ልናገርና፣ ለዓመታት ጸሎቴ እነዚያ ሰዎች ከየቤታቸው እንዲወጡ ነበር። ከንቲባዋ በጃንዋሪ 2023 የሹመት ንግግራቸው ላይ የፌዴራል መንግሥት ወይ ሠራተኞቹን ይመልስ፣ ወይ ሕንፃዎቹን ይልቀቅ ሲሉ አጨበጨብኩ። በዚያው ወር፣ በሕንፃ መግቢያ ካርድ የሰዉን መግባትና መውጣት የሚቆጥረው ካስል የተባለው ኩባንያ በአሥር ትልልቅ ከተሞች ያለው የቢሮ ተገኝ ቁጥር ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሹን አለፈ ሲል፣ ዜናውን ቆርጬ ለጓደኞቼ ላክሁ። ከቤት መሥራትን ለዓለም ያስተማረው ዙም ራሱ በዚያው ዓመት ክረምት ለቢሮው ቅርብ የሆኑ ሠራተኞቹን በሳምንት ሁለት ቀን ብቅ በሉ ሲል ደግሞ ከልቤ ሳቅሁ።

ባለቤቴ አልሳቀችም። በየእራቱ እንከራከር ጀመር። አሠሪዎቹ የሚሉትን እኔ እላለሁ። አዲስ ሠራተኛ ከነባሩ የሚማረው አጠገቡ ተቀምጦ ነው፤ ለረጅም ዓመት የተከራዩት ቢሮም ባዶውን ኪራይ ይቆጥራል። እሷ ደግሞ ሥራዋን አንድ ቀን አጉድላ እንደማታውቅ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ታይሰንስ ድረስ ከተማዋን በሚዞረው ቤልትዌይ ጠዋትና ማታ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ትነግረኛለች። አንድ ቀን ሹካዋን አስቀምጣ፣

«ያንተ እንጀራ የሚገኘው እኔ መንገድ ላይ ስቆም ነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

በዚህ መሐል አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ስድስት ወር አብረውን ከረሙ። ክርክራችንን እያዳመጡ አንድ ማታ፣ «ልጄ፣ እኛ አገር ቢሮ የሚገባ ሰው ይከበራል። እናንተ ዘንድ ቅጣት ሆነ እንዴ?» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን። እሳቸው ግን በቀልድ አልነበረም የጠየቁት።

2024 ሴፕቴምበር ላይ አማዞን የቢሮ ሠራተኞቹ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ አምስቱንም ቀን እንዲገቡ አዘዘ። ጃንዋሪ 20 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን ሙሉ ለሙሉ ወደ ቢሮ እንዲመልሱ ትእዛዝ ፈረሙ። ያን ጊዜ ከተማው ተነቃነቀ። በጸደይ ምድር ቤታችን ሰኞም ሞላ፤ ለዓመታት ያላየሁት «ሞልቷል» የሚለው ሰሌዳ ወጣ። ከተመለሱት ውስጥ ብዙም ሳይቆዩ ከሥራ የተሰናበቱ አሉበት፤ ዕቃቸውን በካርቶን ይዘው ሲወጡ ያቺ ጠበቃና የደረቁት አበቦቿ ትዝ አሉኝ። እሷ ራሷ አልተመለሰችም፤ ቢሮዋ ወደ ጠበበ ሕንፃ ተዛውሯል።

አንድ ሐሙስ ተቆጣጣሪያችን ጠርቶ የቀን ሥራ፣ አምስት ቀን፣ አርባ ሰዓት ከነኢንሹራንሱ ሊሰጠኝ እንደሚችል ነገረኝ። አምስት ዓመት የጠበቅሁት ነው። ለባለቤቴ የምሥራቹን እየነገርኩ ቤት ስገባ እሷ ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረችና ከድርጅቷ የመጣላትን ደብዳቤ አሳየችኝ። አምስት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ታይሰንስ።

ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚገቡት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ የሚወጡት ዘጠኝ ተኩል። አማቴ ተመልሰው ሄደዋል። ከትምህርት በኋላ ልጅ የሚጠብቁት ዘንድ ስንደውል ተራ ጠብቁ አሉን፤ ወረፋው ረጅም ነው። ሦስት ማታ ወረቀት ይዘን ሰዓት ደመርን፣ ቀነስን። የጂኦግራፊ ብቻ ሳይሆን የሒሳብም መምህር ብሆን የሚወጣ ስሌት አልነበረም። ከሁለታችን አንዳችን ቀኑን ቤት መሆን አለብን። የእሷ ደመወዝ ከእኔ ይበልጣል። ኢንሹራንሱም የእሷ ነው፤ የእኔ ገና የተስፋ ቃል ነው። እሷ ትልቀቅ የሚል ነገር አልወጣኝም፤ እኔ ልልቀቅ የሚለውም ቶሎ አልወጣኝም። በአራተኛው ቀን ለተቆጣጣሪዬ አመሰግናለሁ፣ አልችልም አልኩት። ምን እንደነካኝ ጠየቀኝ። ሰዎች ወደ ቢሮ እየተመለሱ ነው አልኩት።

አሁን ማታ ማታ አንድ ሆቴል መኪና እቀበላለሁ። እንግዳ ቁልፉን ለሰው እንጂ ለማሽን ስለማይሰጥ፣ እዚያ ገና እንፈለጋለን። ቀን ልጆቹን አደርሳለሁ፣ እመልሳለሁ፣ ምሳ ዕቃ አጥባለሁ፣ በመካከል ካገኘሁ ሦስት ሰዓት እተኛለሁ። ባለቤቴ ወደ ቢሮ የተመለሰች ቀን ወንዱ ልጄ ከትምህርት ቤት ገብቶ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ባዶ ሲያየው፣ «አባዬ፣ እማማ ከሥራ ተባረረች?» አለኝ። ነፍስ ካወቀ ጀምሮ ሥራ ማለት እዚያ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ነው። ሥራ ሄዳለች ስለው አላመነኝም።

ያለን መኪና አንድ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የደረጃው መብራት ሥር እጠብቃታለሁ። ቤልትዌይ እንዴት ነበር እላታለሁ፤ አትጠይቀኝ ትላለች። ሽሮው ምድጃው ላይ ነው፣ የልጅቱ የቤት ሥራ አልቋል፣ የልጁ አልጨረሰም እላታለሁ። ቁልፉን ታቀብለኛለች። ሞተሩ እንደሞቀ ነው። እሷ አጭር ናት፤ ወንበሩን ወደኋላ ገፋ አድርጌ፣ መስታወቱን አስተካክዬ እነሳለሁ።