እንቁላሉ ገበያ ሲወጣ

በደቡብ ወሎ፣ ቦረና ወረዳ፣ በመካነ ሰላም ገበያ እንቁላል ሸጣ ጨውና ሳሙና የምትገዛ እናት ላይ አልፈርድም፤ እጇ ላይ ሌላ ገንዘብ የለም። ግን ያ እንቁላል ለሕፃን ልጇ አእምሮ መገንቢያ ነበር።

በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት 46ቱ በምግብ እጥረት የቀነጨሩ ነበሩ። የቀነጨረ ልጅ ብዙ ጊዜ ትምህርት ይከብደዋል፣ ክፍል ይደግማል፣ አድጎም ገቢው ያንሳል። የሕፃናት የምግብ እጥረት በ2009 እ.ኤ.አ. ብቻ አገሪቱን 55.5 ቢሊዮን ብር ግድም እንዳሳጣት ተገምቷል፤ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት 16.5 በመቶ መሆኑ ነው!

መካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ማግኘቷ ያስደስተኛል። የነገው ተማሪ ግን መሠረቱ የሚጣለው ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመቱ ነው። በጀት ሲደለደል የቦረና ጤና ኬላዎችና የነፍሰ ጡር ክትትል ይቅደሙ።