ተጨማሪ መረጃ፦ በኮድ ውስጥ የሚደጋገመውን መፈለግ

ዳታ ማይኒንግ ማለት በዓይን ተፈልጎ የማይዘለቅ ብዙ መረጃን በኮምፒውተር አበጥሮ በውስጡ የሚደጋገመውን ሥርዓት ማውጣት ነው። ሱፐርማርኬቶች አብረው የሚገዙ ዕቃዎችን ይለዩበታል። ይኸው ስልት በፕሮግራም ኮድ ላይም እንደሚሠራ ታውቃላችሁ?

እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዜንሚን ሊ እና ዩዋንዩዋን ዡ ፒአር-ማይነር የተባለ መሣሪያ ይፋ አደረጉ። መሣሪያው ሊነክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና ኮድ አንብቦ አብረው የሚጠሩ ፈንክሽኖችን ይለያል። መረጃን የሚቆልፈው ፈንክሽን በተጠራበት ሁሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ የሚከፍተውም ከተጠራ፣ ማንም ሳይነግረው ይህን እንደ ደንብ ይይዘዋል፤ ደንቡ የተጣሰበትን ቦታም ያመለክታል። በዚህ መንገድ ከተጠቆሙት የሊነክስ ጥሰቶች 16ቱ ስህተት መሆናቸው ተረጋግጧል። ያፈነገጠ ሁሉ ግን ስህተት አይደለም፤ መርምሮ የሚፈርደው ፕሮግራመሩ ነው።



ሞክሩት፦ ከዚህ ቀደም የጻፋችኋቸውን ሦስት ፕሮግራሞች አውጡና አብረው የሚመጡ ትእዛዞችን አስምሩባቸው። አንደኛው ብቻውን የቀረበት ቦታ ካገኛችሁ ምክንያቱን ፈልጉ።