ሕግ የተማረ ወጣት ሥራ የት ይፈልግ?

አምስት ዓመት ሕግ ተምሮ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፎ የተመረቀ ወጣት ሥራ ፍለጋ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያጋጥመው አንድ መስመር ነው፦ «የሥራ ልምድ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ»። በጋዜጣም በቴሌግራምም የሚወጡት የነገረ ፈጅ ቅጥር ማስታወቂያዎች ብዙዎቹ ይህን ይጠይቃሉ። «ዜሮ ዓመት» የሚል ሲገኝ ደግሞ ለአንዲት ቦታ የሚጋፋው አመልካች ብዙ ነው።

ተመራቂዎች ይህን የቀጣሪ ጭካኔ አድርገው ያዩታል። ነገሩ ግን የወጪና የሥጋት ስሌት ነው። የሕግ ሥራ ስሕተት ቶሎ አይታይም። ከብድር ውል ላይ የቀረች አንዲት አንቀጽ ጉዳቷ የሚታወቀው ተበዳሪው መክፈል ሲያቆም ነው፤ የይግባኝ ቀን ካለፈ ደግሞ መልካም ክርክር እንኳ ሳይሰማ ይቀራል። ቀጣሪው ከዲግሪው ላይ ጠንቃቃውን ከግዴለሹ መለየት ስለማይችል ሌላው ያሠለጠነውን ሰው መውሰድ ይመርጣል። ሁሉም ሌላው እንዲያሠለጥንለት ሲጠብቅ ታዲያ አሠልጣኝ ይጠፋል።

በእኛ አገር ይህ ችግር የባሰው ጠበቃው ለረዥም ዘመን ብቻውን ሠሪ ሆኖ በመኖሩ ነው። ጠበቆች ቢሮ ተጋርተው ቢቀመጡም ፈቃዱም፣ ደንበኛውም፣ ኃላፊነቱም የየግላቸው ነበር። እንዲህ ያለ ጠበቃ ረዳት ቀጥሮ ሙያውን ማስተማር ያሰጋዋል፤ ረዳቱ ሥራውን ሲለምድና ፈቃድ ሲያወጣ ለብቻው ቢሮ ይከፍታል፣ ደንበኛም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ረዳት መዝገብ ሲያመላልስና ፎቶ ኮፒ ሲያስነሣ ዓመታት ያልፉታል። ይህን የሚያህል የተማረ ጉልበት በከንቱ ሲባክን ማየት ያሳዝናል።

በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር መሥርተው በድርጅት እንዲሠሩ ተፈቀደ፤ ስሌቱም አብሮ ተለወጠ። ደንበኛው የድርጅቱ ሲሆን፣ ወጣቱም አንድ ቀን ሸሪክ እሆናለሁ ብሎ ተስፋ ሲያደርግ፣ ያሠለጠነው ወገን ከሠልጣኙ ተጠቃሚ ይሆናል። እርግጥ በስም ድርጅት ሆነው በአሠራር እንደ ድሮው የቀጠሉ አይጠፉም። እነዚህን መለየት የሚቻለው በመጠየቅ ነው። አመልካቹ ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ «የማዘጋጀውን ረቂቅ ማን ያርመዋል? ከእኔ በፊት የነበረው ረዳት አሁን ምን ይሠራል?» ብሎ በትሕትና ቢጠይቅ ነውር የለበትም። መልሱ ከደመወዙ ቁጥር የበለጠ ይነግረዋል።

ደመወዝ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ዋጋ ማንም እንዲህ ሊል አይችልም። ነገር ግን የጥብቅና ፈቃድ ለማግኘት በሕግ ሙያ የተሠራ ልምድና ፈተና ስለሚጠየቅ፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሥራ ይዘት የኋለኛውን ገቢ ይወስናል። የባንክ የሕግ ክፍል የውል ዝግጅት፣ የመያዣ ምዝገባና በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የሚካሄድ ሐራጅ ያስተምራል። ዐቃቤ ሕግነት የማስረጃን ክብደት ያሳያል። በፍርድ ቤት በረዳት ዳኝነት የሠራ ሰው ደግሞ ዳኛ ከክርክር ጽሑፍ ምን እንደሚፈልግ ከውስጥ ያውቀዋል፤ ይህ ዕውቀት በገንዘብ አይገዛም። በአንጻሩ ስሙ የሕግ ባለሙያ፣ ሥራው ግን ደብዳቤ ማድረስ ብቻ የሆነ ቦታ በመጠኑ የተሻለ ቢከፍልም እኔ አልመክረውም።

አዲሱ ሥራ የሚመጣው ከየት ነው? የሕግ አገልግሎት ፈላጊ የሚበዛው ግብይት ሲበዛና ሲወሳሰብ ነው። ከ2013 ወዲህ ደግሞ የንግዱን ዓለም የሚገዙት ሕጎች ብዙዎቹ ተለውጠዋል፦ አዲሱ የንግድ ሕግ፣ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013፣ የግልግል ዳኝነት አዋጅ ቁጥር 1237/2013፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016፣ ለውጭ ባንኮች በር የከፈተው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በጥር 2017 ተከፍቷል። አክሲዮኑን ለሕዝብ የሚያቀርብ ኩባንያ የደንበኛ ሳቢ መግለጫ ያዘጋጃል፤ የደንበኞቹን መረጃ የሚይዝ ድርጅት አሠራሩን ከሕጉ ጋር ማስማማት አለበት። በእነዚህ በሁለቱ መስኮች፣ በካፒታል ገበያና በግል መረጃ ጥበቃ፣ የ20 ዓመት ልምድ ያለው ጠበቃ በአገር ውስጥ የለም፤ ሕጉ ራሱ ያን ያህል ዕድሜ የለውምና። አንጋፋውና ጀማሪው አብረው የሚነሡበት እንዲህ ያለ ጊዜ በሙያው ውስጥ ብዙም አይገኝም። ቀድሞ አዋጁንና መመሪያዎቹን አንብቦ የተዘጋጀው ወጣት ጥቅሙን ያገኛል።

ዝግጅቱንም በተግባር ማሳየት ይቻላል። ከውጤት ወረቀቱ ጋር ሁለት ወይም ሦስት ገጽ የራስ ጽሑፍ ማያያዝ ብዙ አመልካቾች የማያደርጉት፣ ቀጣሪን ግን የሚረዳ ነገር ነው። በአንድ የግብር ወይም የአክሲዮን ክርክር ላይ ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠውን ትርጉም መርምሮ ለአንድ ነጋዴ በሚገባው አማርኛ ምክር አድርጎ መጻፍ፣ ያንኑም በእንግሊዝኛ ማዘጋጀት በቂ ነው። በተግባር ልምምድ ወቅት የተገኘ ሰነድ ከሆነ ግን የባለጉዳዩ ምስጢር ስለሆነ አይያያዝም፤ እንዲህ የሚያደርግ አመልካች ጥንቃቄ እንደሚጎድለው ራሱ መሰከረ ማለት ነው።

ሥራውን ሁሉም አዲስ አበባ ላይ መፈለጉም ውድድሩን ያከብደዋል። ድሬዳዋን እንውሰድ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚያስችሉባት ከተማ በመሆኗ የፌዴራል ፈቃድ ይሠራባታል፤ ነፃ የንግድ ቀጣናም ተቋቁሞባታል፤ የጉምሩክ፣ የትራንዚትና የመጋዘን ውሎች ዕለት ተዕለት የሚፈረሙባት ናት። በክልሎች ደግሞ ፈቃድ የሚሰጡት ክልሎቹ ራሳቸው ስለሆኑ፣ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ኮምቦልቻ የሚያስብ ባለሙያ የዚያን ክልል መስፈርትና ፍርድ ቤቱ የሚሠራበትን ቋንቋ አስቀድሞ ማጣራት ይኖርበታል።