በስደት የተወለደው ልጅ የማን ዜጋ ነው?

በመርሳና በወልድያ፣ በሀብሩ ቀበሌዎችም፣ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ወደ ዓረብ አገር ሸኝቷል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ከተመለሱት መካከል እዚያ የተወለዱ ሕፃናት ነበሩ። ከዚያም ወዲህ ልጅ አዝለው የሚመለሱ እናቶች አሉ። “ወረቀት የለውም፤ እንግዲህ የማን ነው?” ለሚለው ጥያቄ ሕጉ የሚሰጠውን መልስ በአጭሩ እንገልጻለን።

ልጁ በሳዑዲ ምድር በመወለዱ ብቻ የሳዑዲ ዜጋ አይሆንም። በሳዑዲ ዓረቢያም ሆነ በሊባኖስ ዜግነት በመሠረቱ ከአባት ይወረሳል። ደግሞም በሳዑዲ ዓረቢያ የጋብቻ ማስረጃ ለሌላት እናት የልጅዋን ልደት ማስመዝገብ እጅግ ይከብዳታል። ከጋብቻ ውጭ መውለድ ለእስራት ሊዳርግ ስለሚችል ተደብቀው የሚወልዱ አሉ። ብዙ ሕፃናት ያለ ወረቀት የሚመጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ወረቀት ማጣት ዜግነት ማጣት አይደለም። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ እንኳ፣ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም እናት የተወለደ ኢትዮጵያዊ ነው ይል ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6፣ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996ም በአንቀጽ 3 ይህንኑ አጽንተዋል፤ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ይበቃል። ስለዚህ አባቱ የመናዊ ይሁን ፓኪስታናዊ፣ ይታወቅም አይታወቅ፣ የሀብሩዋ እናት ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው። ዜግነት አይለምንም፤ ያለውን ያስመሰክራል እንጂ። ሐዋርያው ጳውሎስም ሊገርፉት ባሰሩት ጊዜ በልደት ያገኘውን ዜግነት ተናግሮ ከግርፋት ድኗል።

“እዚያው ጥገኝነት ቢጠየቅለትስ?” የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1951 የተደረገው የስደተኞች ስምምነት የሚጠብቀው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ወገኑ ወይም በፖለቲካ አሳቡ ምክንያት በአገሩ እንዳይሳደድ የሚሰጋውን ሰው ነው። በሰው አገር መወለድ ብቻውን ለዚህ አያበቃም። ሳዑዲ ዓረቢያና ሊባኖስም ስምምነቱን አልተቀበሉም። በሌላ አገር ሆኖ በእውነት ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው ግን ወደ ኤምባሲያችን ከመሄዱ በፊት የሕግ ዐዋቂ ያማክር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እዚያው ያለች እናት በሪያድ ኤምባሲ ወይም በጅዳ ቆንስላ ትጠይቅ። የተመለሰችው ወደ ቀበሌዋ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ትሂድ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ጊዜው ያለፈበት ልጅም ቢሆን ይመዘገባል። ወላጆቹ ከሌሉ፣ ልጁን የምታሳድገው አያት ልታስመዘግበው ትችላለች። ሊሴ ፓሴ፣ የክትባት ካርድ ወይም የሆስፒታል ወረቀት ካለ በጥንቃቄ ይቀመጥ። ለነውር መሸፈኛ ብሎ ወንድ አያቱን እንደ አባት ማስጻፍ ግን አይገባም፤ ነገ በውርስና በፓስፖርት ጊዜ ልጁን ይጎዳዋል።

ወገኖች ሆይ፤ “ዲቃላ” የሚለው ስድብ ብዙ እናቶችን ከቀበሌ ደጅ አስቀርቷል። ስለዚህ ቤተሰቡ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ በአጥቢያችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እኅት ከእናቲቱ ጋር እስከ ጽሕፈት ቤቱ ይሂዱ፤ የሚያውቁትንም ይመስክሩ። ይህም ልጁ ለትምህርት ሳይደርስ ይሁን።