በጨለማ የሚገኝ ስንቅ

በዛሬው ንግግራችን የምናወሳው ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ ስለሚያስፈልገን የቤት መጠባበቂያ ስንቅ ነው። ምሳሌ የምናደርጋት አሰቦትን ነው። አሰቦት ከጨርጨር ደጋ ግርጌ፣ ከአዋሽ ወደ ምኤሶ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የምዕራብ ሐረርጌ ከተማ ስትሆን፣ ብዙ ሰው ስሟን የሚያውቀው በተራራው ላይ ባለው ጥንታዊ ገዳምና በአሮጌው የጅቡቲ ምድር ባቡር ነው።

በ2017 ዓ.ም. ግን በዚያ በኩል ያለው አገር በሌላ ነገር ሲነሣ ከረመ። ከመስከረም ወር ጀምሮ በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ ምድር ደጋግማ ተንቀጠቀጠች። ታኅሣሥ 26 ቀን ለቅዳሜ አጥቢያ መጠኑ 5.7 የሆነ፣ የካቲት 7 ቀን ዓርብ ሌሊት ደግሞ 6.0 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ በኩል ቤቶች ፈረሱ፣ መንገድም ተሰነጠቀ፤ መንግሥትም ከፍተኛ ስጋት ባለባቸው ቀበሌዎች የሚኖረው ሕዝብ 80,000 ያህል መሆኑን ገልጾ ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር ጀመረ። ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል፤ አሰቦት ደግሞ ከአዲስ አበባ ይልቅ ለፈንታሌ ትቀርባለች። ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬና በማጀቴ የደረሰው መንቀጥቀጥ ብዙ ቤት አፍርሷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ከላይ የጠቀስናቸው የ2017ቱ ሁለት መንቀጥቀጦች የደረሱት በሌሊት ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት ያጠፋው ጎርፍም የመጣው ሰው ተኝቶ ሳለ ነበር፤ ዝናቡ የጣለው ከላይ በደጋው ስለ ነበረ የከተማው ሰው ደመናውን አይቶ ሊጠነቀቅ አልቻለም። የአሰቦትም ሰው ከደጋ ሥር የሚኖር ስለ ሆነ ይህ ነገር ለእርሱ ሩቅ ወሬ አይደለም። መብራት በጠፋበት፣ ልጆች በሚያለቅሱበት፣ እግር ጫማ በማያገኝበት ሰዓት፣ በቤት ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ እንዳለ አይቈጠርም። የሚቈጠረው በጨለማ እጅ ተዘርግቶ የሚገኘው ብቻ ነው። ስለዚህ የመጠባበቂያ ስንቅ ማለት ብዙ ዕቃ መግዛት ሳይሆን፣ አብዛኛው በቤታችን ያለውን ነገር በአንድ ስፍራ ማሰናዳት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ውሃ ነው። ለአንድ ሰው ለመጠጥና ለምግብ በቀን አራት ሊትር ያህል ይታሰባል። አምስት ነፍስ ላለበት ቤት ለሦስት ቀን ስድሳ ሊትር ይሆናል፤ ይኸውም ባለ ሃያ ሊትር ሦስት ጀሪካን ማለት ነው። በቆላው ሐሩር ጊዜ አራተኛ ቢጨመር ትርፍ ነው አይባልም። ውሃው ቆይቶ እንዳይበላሽ ከጀሪካኖቹ አንዱን በየሳምንቱ ለልብስ አጠባ እያዋሉ በአዲስ መተካት ይበቃል። ንጽሕናው የሚያጠራጥር ውሃ ከሆነ አፍልቶ መጠጣት፣ ማገዶ ከሌለ ደግሞ ለውሃ ማከሚያ ተብሎ የሚሸጠውን መድኀኒት በጽሑፉ ላይ በታዘዘው መጠን ብቻ መጨመር ነው። ነገር ግን ጀሪካን ለሚቀመጥ ሰው እንጂ ለሚሸሽ ሰው አይሆንም፤ ሃያ ኪሎ ተሸክሞ ልጅ አዝሎ የሚሮጥ የለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ አንድ የታሸገ ውሃ በቦርሳው ውስጥ ለብቻው ይቀመጣል።

ስለ ምግቡ የውጭ አገር መጻሕፍት የቆርቆሮ ምግብ እንድናከማች ይመክራሉ። ለእኛ ይህ አያስፈልገንም። እሳት ሳይነካው የሚበላ፣ ሳይበላሽ የሚሰነብት፣ ክብደቱም ቀላል የሆነ ስንቅ አባቶቻችን ለዘመቻና ለንግድ ጉዞ ሲያዘጋጁ ኖረዋል። በሶ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ደግሞ በደረቅ ስፍራ ለሳምንታት ይቆያሉ። ቴምርም ለዚህ ተስማሚ ነው። የከተማ ሠራተኛ ግን ዳቦውን በየማለዳው፣ ስኳሩን በሩብ ኪሎ ከሱቅ የሚገዛ ሆኗልና፣ ወደ አሰቦት የሚያደርሰው መንገድ ለሁለት ቀን ቢዘጋ በገጠር ካለው ዘመዱ ቀድሞ የሚራበው እርሱ ነው። ለሕፃናት የሚሆነው ለብቻው ይታሰብ። ተቅማጥ ሲነሣ የሚረዳው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርም አብሮ ይቀመጥ፤ እርሱ ከታጣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ማጠጣት ይቻላል።

አሁን ለመንግሥት ሠራተኛ በተለይ የሚነገረው ነገር ላይ ደረስን። በመሥሪያ ቤታችን ለአንዲት ደብዳቤ ሁለትና ሦስት ግልባጭ አውጥተን፣ ቍጥር ሰጥተን በማኅደር እናስቀምጣለን። ወደ ቤታችን ስንገባ ግን የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት በፍራሽ ሥር፣ የትምህርት ማስረጃ በአሮጌ ሳጥን፣ የቤት ካርታ ከዘመድ ዘንድ፣ የባንክ ደብተር በካፖርት ኪስ ተበታትኖ ይገኛል። መዝገብ ቤቱ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ማናችን ዝም እንል ነበር? ቤት የፈረሰበት ወይም ጎርፍ የገባበት ሰው ዕርዳታ ለመቀበል፣ ልጁን ሌላ ትምህርት ቤት ለማስገባት፣ ጡረታውን ወይም ደመወዙን ለማንቀሳቀስ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ወረቀት ነው፤ የጠፋውን ለማስተካት የሚመላለስበትም ጊዜ ረጅም ነው። ስለዚህ ዋናዎቹ ውሃ በማያስገባ ፌስታል ተጠቅልለው በቦርሳው ይግቡ፤ ግልባጫቸው በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ፤ ፎቶግራፋቸውም በስልክ ላይ ይኑር። ተዛውሮ ወደ አሰቦት የመጣ መምህር ወይም የጤና ባለሙያ ዘመዶቹ ሩቅ ናቸውና፣ ስልካቸውን በወረቀት ጽፎ መያዝ ይገባዋል፤ ባትሪው የሞተ ስልክ ስም አያስታውስም። የጤና ጣቢያው፣ የፖሊስና የቀበሌው ቍጥርም ከዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።

ገንዘብም እንዲሁ ነው። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ በስልክ መክፈል አይቻልም፤ ባለ ሱቁም ለትልቅ ብር መልስ ላይኖረው ይችላል። የዐሥርና የሃምሳ ብር ኖቶች በጥቂቱ ይቀመጡ። የእጅ ባትሪ ከትርፍ ድንጋይ ጋር፣ ክብሪት፣ ፉጨት፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፣ ሳሙና፣ የቍስል ማሰሪያ ፋሻ፣ ዘወትር መድኀኒት ለሚወስድ ሰው የአንድ ሳምንት መድኀኒት ይጨመር። በድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ራዲዮም አይረሳ፤ ይህን የምንለው የራዲዮ ሰዎች ስለ ሆንን ብቻ አይደለም። መንቀጥቀጥ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ይደርሳል ብሎ አስቀድሞ መናገር የሚችል ሊቅ በዓለም ላይ የለም። ስለዚህ «ዛሬ ሌሊት በስድስት ሰዓት ይመጣል» የሚል ወሬ በስልክ ሲደርሰን ሐሰት መሆኑን ወዲያው ልናውቅ እንችላለን።

ቦርሳው ከቁም ሳጥን ውስጥ ተቈልፎ እንዳይቀመጥ፤ ስፍራው ከበሩ አጠገብ ነው። ቤቱ ሲናወጥ ቁም ሳጥን ይወድቃል፣ ቍልፍም ይጠፋል። ጫማ ከአልጋ ሥር ይሁን፤ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ብዙ ሰው የሚቈስለው በተሰበረ መስታወት ላይ በባዶ እግሩ ሲረግጥ ነው። ከአልጋ በላይ የተሰቀለ ከባድ ነገር ካለ ዛሬውኑ ይውረድ። ከመንቀጥቀጡ በኋላ የጋዝ ሽታ ካለ ክብሪት መጫር አይገባም። በድንኳን ወይም በተዘጋ ክፍል የሚያድር ሰው ከሰል አቀጣጥሎ እንዳይተኛ አደራ እንላለን፤ ጢሱ ባይታይም መርዙ በእንቅልፍ ይገድላል። ከመሬቱ መንቀጥቀጥ የተረፈ ሰው በከሰል ሊሞት አይገባውም ነበር።

አንድ ቤት ብቻውን ሊያዘጋጀው የማይችለው ነገርም አለ። ግድግዳ የተጫነውን ሰው ለማውጣት አካፋ፣ ዶማ፣ መጋዝና ጠንካራ ገመድ ያስፈልጋል፤ የተጐዳውን ለማንሣት ቃሬዛ ያስፈልጋል። በ2004 ዓ.ም. የአሰቦት ገዳም ደን በተቃጠለ ጊዜ እሳቱን ለማጥፋት ከሩቅ ከተሞች ጭምር ሰው ሄዷል፤ ሆኖም የሩቅ ሰው እስኪደርስ ያለውን ሰዓት የሚሸፍነው ጎረቤት ነው። ለዚህ ደግሞ እድር አለን። እድር ድንኳን፣ ትልቅ ድስትና የአባላት መዝገብ አለው፤ መጠለያና ማብሰያ ከሞላ ጐደል ተዘጋጅቷል ማለት ነው። የቀረው በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ አንድ አጀንዳ አስይዞ፣ መሣሪያዎቹን ለመግዛት ከየአባሉ ጥቂት ብር ማዋጣት፣ የዕቃ ቤቱንም ቍልፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ከመተው ለሁለት ወይም ለሦስት አባላት ማስያዝ፣ ከመዝገቡም ላይ ያለ ረዳት የሚኖሩትን አረጋውያንና ሕሙማን ለይቶ በሌሊት ማን በራቸውን እንደሚያንኳኳ መወሰን ነው።